ስብሰባው ላይ ያልነበረው ተመራጭ

ኦቴሎ፣ ሲያትል፣ መጋቢት 2005

ናሁም፣

ለተማሪዎቻችን የምንነግረውን የቪቴርቦን ታሪክ ዛሬ እዚህ እድር ላይ አወራሁት፤ ምነው ዝም ባልኩ!

ልጠይቀው የመጣሁት አጎቴ፣ ጋሽ ሥራዬ፣ ሞተብኝ፤ አራት ቀኑ። አገር ቤት እምድብር ቢሆን ሰልስቱም አልፎ ነበር። እዚህ ግን እድሩ ዳኛ የለውም፤ አባላቱ ሁለት ቦታ ተከፍለው በዳኛ ምርጫ ሲነታረኩ የቀብሩን ቀን የሚቆርጥ ጠፋ። ውጭ ዝናቡ ወርዶ አይወጣለት፣ ያካፋል ብቻ።

ተነሳሁና፣ «ድሮ ጣሊያን አገር፣ ቪቴርቦ ላይ፣ ካርዲናሎቹ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ፓፓ መምረጥ አቃታቸው። የከተማው ሰው ቆልፎባቸው ዳቦና ውሃ ብቻ ሰጣቸው፣ ጣሪያውንም አነሳባቸው። በመጨረሻ ስድስት ሰው ወከሉ፤ ስድስቱም እዚያ ያልነበረ ሰው መረጡ» አልኳቸው።

የእድሩን ምግብ የሚያዘጋጁት እትዬ ዙሀራ ምሳውን ኩሽና መልሰው ቆለፉበት። ሂተሩንም አጠፉት። ሰዓት ሳይሞላ ስድስት ሰው ተወከለ። እነሱም ከማንም ወገን ያልሆነውን፣ ዛሬም የቀረውን ታምራትን መረጡ። አጨበጨብን። ስፒከር ላይ አድርገው ኮል አደረጉለት።

«ኦኬ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ሬሳው ያለበት ቦታ ነኝ። አራት ቀን እዚህ ስመላለስ አንድ ሰው አላየሁም። ሶ፣ ዛሬስ የሚመጣ አለ?»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

ወረቀቱ አለቀብኝ። ሄዋንንና ልጆቹን ሳምልኝ። እናቴን ስታገኛት፣ ወንድምሽ ብቻውን አልነበረም በላት። ማን አብሮት እንደነበረ ከጠየቀችህ ግን አታውቅም።