የእማዬ ክፍል ግሬፍሰን ላይ

ሐሙስ፣ ግንቦት 7
ከሥራ ገባሁ። እግሬ አብጧል። ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም። ይሄ የቶየን ሰፈር ደረጃ ሰው ይገድላል። ግን ደብተሬ፣ ዛሬ አላማርርም። የእማዬ ቪዛ ተፈቀደ! ደውዬ ነገርኳት። እልል አለች፣ ከዚያ ሳል ያዛት። በሰኔ መጨረሻ ትመጣለች፣ ከዚያም በየዓመቱ አመጣታለሁ። ጉልበቷ ደረጃ አይወጣም። ልጆቹም በአንድ ክፍል እየተጋፉ ነው። ስለዚህ ቤት እንገዛለን፣ ምድር ቤት መኝታ ክፍል ያለው። ዳዊት ሊንደሩድ ሰፈር አፓርታማ እንይ ይላል። ባሌ ጥሩ ሰው ነው፣ ሐሳቡ ግን ሁልጊዜ አፓርታማ ነው። እኔ ግሬፍሰን ሰፈር ላይ ዛፍ የከበበው አንድ ቤት አይቻለሁ። እሁድ ቪስኒንግ አለው፣ ለገዢ ክፍት ነው። ዳዊት ባይመጣም እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
ሜይ 17፣ የኖርዌይ ብሔራዊ በዓል። ናሆም ባንዲራ ይዞ ከት/ቤቱ ጋር ተሰለፈ። ጮኸ፣ አይስክሬም በላ፣ ነጭ ሸሚዙን አበላሸ። ሰባት ዓመቱ ነው፣ ይሁንለት። ሳሮን ግን ምን ነካት? ቀኑን ሙሉ ስትሸሸኝ ዋለች። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ነው መሰለኝ። ዳዊት ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም። ሰማዩ ደመና ነበር።
እማዬ ጋ ደወልኩ፣ ወንድሜ ሰሎሞን አነሳ። ለቅሶ ሄዳለች አለኝ። የማን? የጎረቤት። ድምፁ ተዘግቷል። ጉንፋን ነው አለ።

እሁድ፣ ግንቦት 10፣ ከሰዓት
አየሁት! በር ላይ ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ መሸፈኛ ሰጡን። ምድር ቤት ያለው ክፍል ሰፊ ነው፣ መስኮቱ ወደ ፖም ዛፉ ያያል። መታጠቢያው ጎኑ ነው፣ ደፍ እንኳ የለውም። አልጋዋ የት እንደሚሆን በእርምጃ ለካሁ። ዳዊትን ጠራሁት፣ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ፊቱ ዐመድ መስሏል። ከዚያ ወጥቶ ዛፉ ሥር ተቀመጠ፣ ላስቲኩን ከጫማው ሳያወልቅ። ሰው እያየን!
መኪና ውስጥ፣ ይቅርብን አለ። ለምን? ያ ክፍል አያስፈልገንም አለ። እናቴን አትፈልጋትም ማለት ነው አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩት፣ እዚህ የማልጽፈው። ሳሮን ከኋላ ወንበር ስሉት! ብላ ጮኸችብኝ፣ በቃሽ ማለቷ ነው፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ቤተሰቤ አብዷል።

ሰኞ፣ ግንቦት 11
ጠዋት ዳዊትን ለምኜም ተቆጥቼም የጨረታውን ቅጽ አስፈረምኩት። ጨረታው በስልክ ነው። አንዱ ይጨምራል፣ ደላላው መልእክት ይልካል፣ መልስ ለመስጠት ጥቂት ደቂቃ አለሽ። የማስታምማቸው ሽማግሌዎች ምሳ ሲበሉ እኔ ሽንት ቤት ተደብቄ እጨምራለሁ። ዳዊት ይደውላል፣ አላነሳም። በመጨረሻ አንድ ቃል ጻፈልኝ፦ ተይው። አልተውኩም። ባንኩ እስከፈቀደልን ጫፍ ድረስ ሄድኩ። ሌላው ገዢ አቆመ።
ቤቱ የኛ ነው። እዚህ አገር ሻጩ እሺ ካለ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት የለም።
ለሰሎሞን ደወልኩ። እማዬ ተኝታለች አለ። ስትነቃ ክፍልሽን ገዛችልሽ በላት አልኩት። መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16
በማለዳ በር ተንኳኳ። ጋሽ ታደሰ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። ከኋላቸው ደረጃው ላይ ሴቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ማንም ሳይናገር ገባኝ።
እማዬ።

እሁድ፣ ግንቦት 17
ያረፈችው ቪዛው በተፈቀደ ማግስት ነው። ተቀብራለች። አፈሯን እንኳ አላየሁም። ሰሎሞን ለዳዊት ነገረው፣ ዳዊት ለጋሽ ታደሰ። በበዓል አይሆንም፣ ልጆች ይሰለፋሉ። በሥራ ቀን አይሆንም፣ ሰው አይሰበሰብም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ትረዳ ብለው ወሰኑ። መርዶ በወግ በወጉ! ሳሮን አባቷ በስልክ ሲያለቅስ ሰምታ ኖሮ እሷንም አስማሏት።
ዳዊትን ጠየቅኩት። ስገዛ እያየህ? መርዶ ባል ብቻውን አይነግርም፣ ለጋሽ ታደሰ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ሥራ ቦታ ሆነሽ ሰምተሽ ብትወድቂስ አለኝ። አለቀሰ። ጠላሁት። ደግሞ አሳዘነኝ።
ሳሮን፣ ለሞተች ሰው አልጋ ስትለኪ ቆሜ አየሁሽ አለችኝ። በኖርዌይኛ። ይሄንን በአማርኛ ልትለው አልቻለችም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19
ቤታችን በለቀስተኛ ሞልቷል። ጋሽ ታደሰ ወደ ጎን ጠሩኝ። ታናሽ እህቴ ህሊና በርገን ከተማ ናት፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወር ቀርቷታል። እስክትገላገል አትስማ አሉኝ። ናይ፣ አይሆንም አልኳቸው። ለሽማግሌ፣ ፊት ለፊት፣ በኖርዌይኛ! በእኔ የደረሰው በእሷ አይደርስም፣ አሁኑኑ እነግራታለሁ አልኩ። ዳዊት መሬት መሬት ያያል።
መኝታ ቤት ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ደወልኩ።
ህሊና ቀደመችኝ። ደስ ብሏታል። ቤቱን በፎቶ አይታ ወዳዋለች። ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ናት፣ ብቻዋን፣ ያንን ሆድ ይዛ ቆማ። ለእማዬ ክፍል መጋረጃ በእጇ ልትሰፋ ነው። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እማዬን ሳታገኛት ቀናት ሆኗታል፣ እኔ ሳላገኛት አልቀረሁም ብላ አስባለች። አረንጓዴ አለ፣ ቢጫ አለ፣ እማዬ የቱን መረጠች? አለችኝ።
አረንጓዴውን፣ አልኳት።