ምልክቱን የሚናገር ይምጣ

ሐሙስ፣ መስከረም ፲፩ ቀን
ከማስተስረያ ቀን አራት ቀን ቀደም ብሎ

የልቤ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ የምልሽ ግን ደብዳቤ በዚያ ስለሚጀመር ነው። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። ምግብ ማብሰል ለመድኩ ብዬ ነበር፤ ሽንኩርቱ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ያርራል። ታች ያሉት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ሽታው ሲደርሳቸው «መምህር፣ ዛሬም ቤቱን ሊያቃጥሉት ነው?» እያሉ ሳህን ይዘው ይወጣሉ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ሰንበት ሲገባ ሻማውን የማበራው እኔ ነኝ። አሁንም ሁለት ወንበር አቀርባለሁ።

ባለፈው እሑድ ትንሹ ልጅሽ በስልክ ያወራኝን ሰምተሽ ይሆን? አንቺ ኩሽና ነበርሽ። ትምህርት ቤት በር ላይ የአንድ እጅ ጓንት ወድቆ አየሁ አለኝ።

«አነሣኸው?» አልኩት።

«እማዬ የወደቀ ነገር አትንኩ ብላናለች። ባለቤቱ ራሱ ይፈልገው አለች።»

ስለ ብርዱ ጠየቅሁት።

ዳር ዳር ማለቱን ልተወው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። በስልክ ልለው አስቤ ነበር፤ ግን በስልክ መልሼ አቋርጥሻለሁ ብዬ ፈራሁ። ፖስታው ከማስተስረያው ቀን ጾም በፊት እንደማይደርስሽም አውቃለሁ።

በአይሁድ ትምህርት ቤታችን አራተኛ ክፍል ነበርሽ፤ የኦሪት አስተማሪሽም እኔ። በዚያ ሳምንት ያስተማርኩት ስለ ጠፋ ዕቃ ነበር። ያገኘ ሰው ያነሣል፣ ማግኘቱንም ያስታውቃል፤ ዕቃው ምን እንደሚመስል ግን አይናገርም። ባለቤቱ መጥቶ ምልክቱን ሲናገር ያን ጊዜ ይሰጠዋል፤ አለዚያ ውሸታም ቀድሞ ይወስደዋል። አንቺ ምላስሽን በከንፈርሽ ይዘሽ ትጽፊ ነበር። አየሁሽና ደስ አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የፋርማሲስቱ ልጅ የእርሳስ መያዣዬ ጠፋ ብላ እያለቀሰች ገባች። እኔም ሳላጣራ ሳልጠይቅ፣ ቦርሳ ሁሉ ይፈተሽ አልኩ። ካንቺ ቦርሳ ወጣ። ብድግ ብለሽ «አባባ፣ ምልክቱን…» አልሽ። አላስጨረስኩሽም። «እዚህ አባባ የለም! እዚህ ያለው መምህር ነው!» ብዬ ጮህኩብሽ። ሠላሳ ስምንት ልጅ ፊት አቁሜ «ሰርቄአለሁ» በይ አልኩሽ። ድምፅሽ አልሰማ ስላለኝ ሦስት ጊዜ አስደገምኩሽ። ለልጁ አዳላ እንዳልባል ፈርቼ ነው። ሰውን በሰው ፊት ማሳፈር ደም እንደ ማፍሰስ ነው ብዬ ያስተማርኩትኮ በዚያው ክፍል ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

እስከዚህ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። የማታውቂውን ልንገርሽ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ እርጥብ ወረቀት ይዘው መጡ። «ከቧንቧው ሥር ወድቆ አገኘሁት። የልጅዎ ጽሕፈት አይደለም?» አሉኝ። ያንቺው ነበር። «ዕቃ አግኝቻለሁ። ምልክቱን የሚናገር ይምጣ። አራተኛ ለ፣ ሦስተኛው ዴስክ።» ውሃ ነክቶት ቀለሙ ቢፈስም ይነበባል። ጠዋት ከደወሉ በፊት ግድግዳው ላይ የለጠፍሽው ነው። ያስተማርኩሽን አንድም ሳታጎድዪ ፈጽመሽዋል።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ «ተሳስቻለሁ» ማለት ነበረብኝ። ግን በዚያው ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ርዕሰ መምህሩ በመምህራኑ ሁሉ ፊት አመስግነውኝ ነበር። «ፍርድ ማለት ከገዛ ልጅ የሚጀምር ነው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኛል። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። ነገ እላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላለሁ ስል ዓመቱ አለቀ። ወረቀቱን መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። አየሽ ልጄ፣ የበደልኩሽ በስሕተት አንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ የቀረውን ሁሉ እያወቅሁ ነው።

የዚያን ሳምንት አርብ ሰንበት ሲገባ ልባርክሽ እጄን ወደ ራስሽ ስዘረጋ «ውሃ ላምጣ» ብለሽ ተነሣሽ። በሚቀጥለውም አርብ እንዲሁ። በኋላ እኔም እጄን መዘርጋቱን ተውኩት። ቤት ውስጥ «መምህር» ትዪኝ ጀመር። እናትሽ ትስቃለች፣ እንግዳም ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሆዴ ግን ያውቀው ነበር።

እናትሽም ታውቅ ኖሯል። ሆስፒታል ሳለች፣ በመጨረሻው ሳምንት፣ እጄን ያዝ አድርጋ «ወረቀቱን ለልጄ ስጣት» አለችኝ።

«የምን ወረቀት?» አልኳት። ያን ጊዜ እንኳ!

«የመጻሕፍትህን አቧራ የማራግፈው እኔ አይደለሁ?» አለች።

ቀድማ ያልነገረችሽ እኔው እንድነግርሽ ስትጠብቅ ነው። አትቀየሚያት፤ የጠበቀችው ሰው ነው ያሳፈራት። ለቀብሯ መጥተሽ ሰባቱን የሐዘን ቀን አጠገቤ ስትቀመጪ ወረቀቱ የደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ ብቻችንን ስንሆን እላለሁ አልኩ። ብቻችንን ስንሆንም ለሐዘን ዝቅ ብለን የምንቀመጥበትን በርጩማ ማስተካከል ያዝኩ። በሰባተኛው ቀን ሻንጣሽን አንሥተሽ «ደህና ይሁኑ፣ መምህር» አልሽኝ። እኔም በሰላም ግቢ ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ትናንት አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ጠራኝ። አሁን እሱ ነው የአራተኛ ክፍል አስተማሪ፤ ከማስተስረያ ቀን በፊት በየዓመቱ ይጋብዘኛል። ለልጆቹ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ጾሙ ከፈጣሪ ጋር ያስታርቅሃል፤ የበደልከውን ሰው ግን አንተው ሄደህ ካልለመንከው ጾም አይረዳህም። ዘንድሮ ግን ይህን ልል ቆሜ ተውኩት። የእኛን ነገር ነገርኳቸው። «አንድ ሰው ነበረ» አላልኩም፤ «እኔ» ብዬ ነው የነገርኳቸው። ፊት ወንበር ላይ ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ ነበረች።

«ታዲያ ልጅዎ ምን አለችዎት?»

«አልነገርኳትም።»

«ለእኛ ነግረው ለእሷ አልነገሯትም? እኛ ምን እናድርግልዎ?»

አስተማሪው ሊቆጣት ሲል ተዋት አልኩት። ቤቴ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለእኔ እንዳይመስልሽ፤ ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ነው።

ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ለልጆችሽ አሳዪያቸው። ጥፋተኛው ዕቃውን ያነሣችው ልጅ ሳትሆን የማይሰማው አስተማሪዋ መሆኑን ንገሪያቸው።

ይቅር በይኝ። የበደለ እስከ ሦስት ጊዜ ይለምን፣ የተለመነም ልቡን አያደንድን ይላል ትምህርታችን። ይህን ሁለተኛውን ግን ለእኔ ብለሽ እንዳትፈጽሚው። ትምህርት ይዤ መጥቼ አንድ ጊዜ ሰብሬሻለሁ፤ ይበቃል። ልብሽ እንቢ ካለ እንቢ በይ፤ ገና ሁለት ልመና ይቀረኛል። ሐኪሙ እንደሚለው ከሆነ ግን ባልዘገይ ይሻላል። እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

ፈጣሪ መግቢያ መውጫሽን ይጠብቅ። ልጆችሽ ንግግራቸውን እስኪጨርሱ የሚሰማቸው ሰው አይጡ። ቤትሽ አይጉደል፣ እጅሽም ያመንሽውን ለማድረግ አይፍራ።

ያን ጊዜ በማግስቱ ክፍል ገብቼ ልለው የሚገባኝን አሁን ልጻፈው። ለፈለግሽው ሰው ሁሉ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ሠላሳ ስምንቱ ቢገኙ ለእነሱም።

ልጄ አልሰረቀችም።

አባትሽ