ሰማንያ አንድ ሴንቲሜትር

ሐዋሳ፣ ታቦር
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክብርት ዶክተር ሮማን፣ የሐይቃችን ጠበቃ፣ የቀድሞ ዲን፣ ቤት ውስጥ ግን እማዬ፦

እንዴት ከረምሽልኝ? ስልክ ትቼ ወረቀት ያነሳሁት፣ ልክ ወሬው ሲጥም «ስብሰባ ገባሁ» እያልሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። ደብዳቤ ላይ መዝጋት የለም! አክስቴ ሄራን ነገ አዲስ አበባ ይዛልሽ ትመጣለች።

እማ፣ ለካን! ለካን! የዛሬዋ የመዝገብሽ መስመር ባዶ አልቀረችም!

ዛሬ የሐይቆች ጥበቃ ረቂቅ ደንቡን ለባለሥልጣናቱ ስታስረጂ ግማሽ ልብሽ እዚህ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል እንደነበር አውቃለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ያንን ጥቁርና ነጭ ሳህን በገመድ ወደ ሐይቁ እያወረድሽ፣ ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት ጽፈሻል። ሰማያዊው መዝገብ በአንድ ዓመት ታላቄ ነው፤ የሚደረግለት እንክብካቤም የበኩር ልጅ ነው። ዲን በሆንሽበት ዓመት በስብሰባ ምክንያት ያመለጠችሽን አንዲት ቅዳሜ እስከ ዛሬ እንደ ሐዘን ታነሻታለሽ። ያለፉትን ሁለት ቅዳሜዎች እንኳ ለአንድ ሳህን ብለሽ ከአዲስ አበባ ድረስ መጣሽ። አሁን ደግሞ ደንቡን የሚያስፈጽመውን አዲሱን መሥሪያ ቤት ምሪ ሲሉሽ «ሐይቁን ለማን ጥዬ?» ማለትሽን ግድግዳው ነግሮኛል። (ጆሮዬን ለጥፌበት ነበር።) መልስ የምትሰጪው ዓርብ ነው አይደል? እንግዲያው ስሚ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አባባን አስከትዬ ወረድኩ። ያንቺ አባት መሆናቸውን አትርሺ፤ ለሆነው ሁሉ እኔ አልጠየቅም። ነጭ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ዓሣ ሻጮቹ መሃል ሲቆሙ ከአባ ኮዳ ወፎቹ የሚለዩት በከዘራቸው ብቻ ነበር። የዘወትር ቀዛፊሽ ጠሀ በጀልባው ወደ ተለመደው ቦታችሁ ወሰደን። አባባ «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው እያለሁ ልጅ ገመድ አይይዝም» ብለው ነጠቁኝ።

ሳህኑ ወረደ። ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና...

«አባባ፣ አልጠፋም?»

«የት ይጠፋል! ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።»

አንድ ሜትር ተኩል። ሁለት ሜትር! ጠሀ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ውሃውን አየ፤ ከዚያ እርሳቸውን አየ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚታይዎት ሳህኑ አይደለም። ባርኔጣዎ ነው።»

እውነትም ነጩ ባርኔጣ መስታወት ውስጥ እንዳለ ሁሉ ከውሃው ላይ መልሶ ያያቸዋል! እርሳቸው ግን መች ሊሸነፉ። «ሀሴት፣ ጻፊ! ሁለት ሜትር! ሮማን ከሄደች ወዲህ ሐይቁ ጠርቷል ማለት ነው።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ እምቢ አልኩ። አስቢው፣ ሁለት ሜትር ብዬ ብጽፍ እነዚያ ሐይቅ ዳር የሚገነቡት ሰዎች «ይኸው ጠርቷል፣ ደንብ ምን ያደርጋል?» ብለው የገዛ መዝገብሽን ያነቡብሽ ነበር። ባርኔጣቸውን አስወልቄ፣ በጀልባው ጥላ በኩል ተንበርክኬ፣ እንዳስተማርሽኝ ለካሁ፦ ሲወርድ የጠፋው ሰማንያ አራት ላይ፣ ሲወጣ የታየው ሰባ ስምንት ላይ። አማካዩ ሰማንያ አንድ! ባለፈው ሳምንት ሰባ አራት ነበር እኮ እማ! ዘለልኩ። ጠሀ «ተቀመጪ እንጂ፣ አንድ ጉማሬ ጀልባ ላይ የወጣ መሰለኝ!» አለኝ። አውቃለሁ፣ «አንድ ቅዳሜ ምንም አያረጋግጥም» ትያለሽ። ተይኝ፣ ልደሰትበት።

በባጃጅ ተመለስን። ቤት ስንደርስ አባባ በቀስታ «የዓይን ሐኪሙ ሰኞ ይገባል?» ብለው ጠየቁኝ። ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብተውኛል። አንቺ ደግሞ ማንም አይደለሽም።

ስለዚህ ዓርብ «እሺ» በያቸው። ሳህኑ የሚለካው አንድ ሐይቅ ነው፤ ደንቡ ግን ሌሎቹንም ይጠብቃል። ቅዳሜን እኔና ጠሀ ይዘናታል። ስለ እኔ አታስቢ፤ እበላለሁ፣ አጠናለሁ፣ የሻሽሽን መሳቢያ አልከፈትኩም። (ከፍቻለሁ። አንዱን ብቻ ነው ያሰርኩት፤ አልታጠበም፣ እንዳይታጠብም።)

እግዚአብሔር ስብሰባሽን ያሳጥርልሽ፣ የሚያንቀላፉትን ያንቃልሽ፣ ፊርማቸውን ያፍጥንልሽ።

ልጅሽ፣ የመዝገቡ ታናሽ
ሀሴት

«ማስታወሻ በሚለው ዓምድ ላይ የታየውን ብቻ ጻፊ» ብለሽ ስላስተማርሽኝ፣ የዛሬዋን መስመር እንዳለች ገልብጬልሻለሁ፦

ጥቅምት 15። 81 ሴ.ሜ። ደመና የለም። ነፋስ የለም። እማ የለችም።