ስድስት መቶ ሃያ አራት ጤነኛ ዓይኖች

ለክቡር ኡስታዝ ሙሄዲን
የትምህርት ቤቶች ጤናና ምዘና ጥምር ጽሕፈት ቤት ሙዲር (ኃላፊ)
ካርቱም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የባልደረቦችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ የሰውን ጤንነት ሰውየውን ሳያይ ማረጋገጥ የሚችል በመሆኑ፣ እኔም በዚያው መንገድ፣ ከሰፈሬ ከጀብራ ሳልነሳ፣ እጅግ ደህና መሆንዎን አረጋግጫለሁ።

ስሜ ክንፉ ይባላል። ካርቱም ከገባሁ ሃያ አንድ ዓመት ሆነኝ። በአገሬ የሒሳብ አስተማሪ ነበርሁ፤ እዚህ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌ ቅጂውን በአገር ልጆች ማኅበራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፍሁት እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። በአረብኛ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ባለፈው ወር ፖስታቸው ሳይከፈት ተመልሰውልኛል። ላይነበብ ነገር፣ በደንብ በምችለው ቋንቋ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

፩. በመጀመሪያ ስለ ጤና ምርመራው ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ጦርነቱ ካርቱምን አስለቅቆን ከተሰደድንበት ከገዳሪፍ ተመልሰን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት፣ የጽሕፈት ቤትዎ የሐኪሞች ቡድን መጥቶ የልጆቹን ዓይን፣ ጆሮና ጥርስ እንደሚመረምር ተነገረን። ደስ አለን። በኅዳር ወር በአንድ ማክሰኞ ሦስት መቶ ስምንት ልጆች ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። ልጄ ልደት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ረዘም ስለሚል ከሰልፉ መጨረሻ ነበረች። እስከ ቀትር ቆሙ። ማንም አልመጣም። ሁለት ሕፃናት ፀሐይ አዞራቸውና ልጆቹ ወደየቤታቸው ተሰናበቱ።

በሳምንቱ በመዝገብ ያሉት የሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ልጆች የጤና ቅጽ ተሞልቶ፣ ኸትም (ማኅተም) አርፎበት ደረሰን። የሁሉም ዓይን ጤነኛ፣ የሁሉም ጆሮ ጤነኛ፣ የሁሉም ጥርስ ሠላሳ ሁለት። ባልደረቦችዎ ለአንደኛ ክፍል ልጆች፣ ፊት ለፊት ያሉት የወተት ጥርሶቻቸው ገና እየረገፉ ላሉት ሳይቀር፣ የአዋቂ ጥርስ በማደላቸው ወላጆች ሁሉ አመስጋኞች ናቸው። ገና ከገዳሪፍ ላልተመለሱ አራት ልጆችም እንዲሁ። የውሃ ቧንቧ፣ የመብራት ገመድና የቤት ጣሪያ በጠፋበት ከተማ ውስጥ አንዲት የታመመች ዓይን እንኳ አለመገኘቷ ሊያኮራዎት ይገባል።

፪. ቀጥሎ የመጣው ምዘናው ነው። ልጆቹ ሁለት ዓመት ያህል ከትምህርት ስለራቁ፣ ለየትኛው ክፍል እንደሚበቁ ለመለየት የታሰበ መልካም ሐሳብ ነበር። የሚታተምበት ወረቀት ስላልነበረ ጥያቄዎቹ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጻፉ። ልደት በቁመቷ ምክንያት የኋለኛው ዴስክ ላይ ተቀመጠች። ከሃያ ጥያቄ አራት አገኘች።

ጽሕፈት ቤትዎ የላከልን ውሳኔ አጭርና ግልጽ ነበር። ተማሪዋ የዓይንም ሆነ የጆሮ ችግር እንደሌለባት በጤና ቅጹ ስለተረጋገጠ፣ የውጤቷ ማነስ ምክንያት የአእምሮ ዝግታ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሰባተኛ ወደ አምስተኛ ክፍል ዝቅ እንድትል ይላል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት በእርስዎ ላይ ልጭን አልፈልግም። ወረቀቱን አመንሁት። አሥራ አራት ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ኸትም ያለበትን ወረቀት ከማመን ሌላ አላውቅም ነበር። ከስፌት ስመለስ ልጄን አስቀምጬ የማባዣ ሰንጠረዥ በቃል አስወጣታለሁ። አንድም ሳትስት ትወጣዋለች። በቃሏ ይህን ያህል የምታውቅ ልጅ ፈተና ላይ የምትወድቀው ልቧ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው ብዬ ተቆጣኋት። ባለቤቴ ዮሳቤጥ ተው ብትለኝ አልሰማኋትም። ልደት ከአምስተኛ ክፍል ልጆች ጋር ዋለች፣ ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞራ ተቀመጠች፣ እቤት ስትገባ ደብተሯን አልጋ ሥር መክተት ጀመረች።

አንድ ቀን ሸሚዝ ስተኩስ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ባባ፣ እኔ ጋቢያ ነኝ?» አለችኝ። በአረብኛ ደነዝ ማለቷ ነው።

«ማን አለሽ?»

«ማንም። ወረቀቱ።»

ኡስታዝ፣ ያን ዕለት የሰው ሸሚዝ አቃጥያለሁ። ለባለቤቱ አዲስ ሰፍቼ ሰጥቻለሁና ስለዚህ አይጨነቁ።

፫. ነገሩ የታወቀው በጽሕፈት ቤትዎ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ልደት እናቷን ፍለጋ ቀድማኝ ሄደች፤ ከዛፉ ሥር ነጠላ ለብሰው የቆሙ አንዲት ሴት እጅ ያዘችና «እማ፣ ያላ እንሂድ» አለቻቸው። ሴትየዋ ጎረቤታችን ወይዘሮ ወርቅውሃ ናቸው። ከዮሳቤጥ በአንድ ክንድ ያጥራሉ፤ በዕድሜም በሃያ ዓመት ይበልጣሉ። ሰው ሳቀ። ልደትም ሳቀች። ዮሳቤጥ አልሳቀችም። ልጅቷን ከበሩ አጠገብ አቁማ፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ጣቷን አነሳችና ስንት እንደሆነ ጠየቀቻት። ልደት ዓይኗን አጠበበች። እናቷ ወደ ስድስት እርምጃ ስትቀርብላትም አንገቷን አሰገገች። ከዚያ በመገመት ሦስት አለች። ዮሳቤጥ ያነሳችው አንድ ጣት ነበር።

በማግስቱ በሃፍላ (በከተማ አውቶቡስ) ቡሪ ወደሚባለው ሰፈር ሄድን። እዚያ አቶ ተሰማ የሚባሉ ሰው አሉ። በዓይን ሕክምና ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ መነጽር ይሠራሉ። ልጅቷን አንድ ሰዓት ያህል መረመሯት። እያንዳንዱን መስታወት ሲቀይሩ «አሁንስ?» ይሏታል፤ እንዳትሳቀቅ እሷ እስክትናገር ይጠብቃሉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ ይህች ልጅ ከክንዷ ርዝመት ያለፈውን ነገር በደንብ አይታ አታውቅም አሉኝ። ምናልባትም የሁላችንም ዓለም እንዲህ የደበዘዘ ይመስላት ነበርና አልነገረቻችሁም አሉ።

በአሥረኛው ቀን መነጽሩ ደረሰና አደረገችው። እኔ ወደ መንገዱ ታያለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን እናቷን ነው ያየችው።

«እማ፣ ሸብተሻል» አለቻት። «መቼ ነው?»

ዮሳቤጥ የሸበተችው ገዳሪፍ ውስጥ ነው። ይህንን ግን አልነገረቻትም፤ ነጠላዋን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ «ቅርብ ጊዜ ነው» አለቻት።

፬. አሁን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መስተንግዶ እመጣለሁ፤ በእውነቱ ከዚህ የጎደለ ነገር የለም። የአቶ ተሰማን ማስረጃ ይዤ ስመጣ ጸሐፊዎ ወንበር ሰጡኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጡልኝ፣ ፋይሉንም አወጡ። ከዚያ በታላቅ ትዕግሥት አስረዱኝ። ፋይሉ ዓይኗ ጤነኛ ነው ይላል። ፋይሉ የሚታረመው ቡድኑ ዳግመኛ ሲመረምራት ነው። ቡድኑ ዳግመኛ የሚመረምረው ደግሞ በመጀመሪያው ምርመራ ታማሚ የተባሉትን ብቻ ነው። ታማሚ የተባለ ስለሌለ ቡድኑ ዘንድሮ አይወጣም። ነገሩን በሦስት የተለያዩ ቀናት ሦስት ጊዜ አስረዱኝ፤ በየጊዜውም «ቡክራ ኢንሻአላህ» (ነገ፣ ፈጣሪ ካለ) ብለው በር ድረስ ሸኙኝ።

ልደት ግን መነጽሯን አድርጋ ትምህርት ቤት ሄደች። በየካቲት ወር የወሩ ፈተና ላይ ከጽሕፈት ቤትዎ የተላኩት ተቆጣጣሪ አጠገቧ ቆሙና ስም ዝርዝራቸውን አዩ። ከዚያ መነጽሩን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ እንድታስቀምጥ አዘዟት፤ ዓይኗ ጤነኛ ተብሎ የተመዘገበ ተማሪ በፈተና ላይ መነጽር ቢያደርግ ያልተፈቀደ መሣሪያ እንደመያዝ ይቆጠራል ብለው። አወለቀችው። ሰሌዳው ላይ ያለውን ሳይሆን የምታስታውሰውን ጻፈች። የተቆጣጣሪውን የሕግ አክባሪነት ሳላደንቅ ባልፍ ነውር ነው።

፭. የመጨረሻው ነጥቤ ክስ ይሁን ኑዛዜ አላውቅም። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ሲት ኢብቲሳም (ስሜን ጻፈው ስላሉኝ ነው የጻፍሁት) ከዚያ ፈተና በኋላ አስጠሩኝ። የምዘናውን የመልስ ወረቀት ከመሳቢያ አወጡና ፊቴ ላይ ዘረጉት። አነበብሁት። በአረብኛው አሃዝ ሁለትና ሦስት የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ብቻ እንደሆነ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ሰሌዳው ላይ አርባ ሦስት ሲባዛ በስድስት ተጽፎ ነበር። ልደት የጻፈችው አርባ ሁለት ሲባዛ በስድስት ነው፤ መልሷ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት። ለተጻፈው ጥያቄ ስሕተት ነው። ለታያት ጥያቄ ግን ልክ ነው። ሃያውን ጥያቄ አንድ በአንድ አየሁ። አሥራ ዘጠኙን፣ ለታያት ቁጥር፣ በትክክል ሠርታለች።

ያን ወረቀት ይዤ ምን እንደተሰማኝ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት መጻፍ ተገቢ አይደለም። እቤት ገብቼ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኋት ብል ይበቃል። «ማፊ ሙሽኪላ» አለችኝ፤ ችግር የለም ማለቷ ነው። ችግር ግን ነበረ።

ከዚያ ሲት ኢብቲሳም አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እሷ ብቻ ትሆን ወይ? አሉኝ። አቶ ተሰማን ለመንናቸው። በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከቡሪ እየተመላለሱ፣ የፊደል ሰሌዳቸውን የግቢው ግንብ ላይ ሰቅለው፣ አራት ቀን ሙሉ ልጆቹን አንድ በአንድ መረመሩ። ዮሳቤጥ እርምጃ ለካች፤ እኔ ስም ጻፍሁ። ጽሕፈት ቤትዎ በአንድም ቀን ሳይመጣ ከሠራው ሥራ አንጻር የእኛ ዝግመት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ሰሌዳውን የማያዩ አርባ አንድ ልጆች አገኘን። ከአርባ አንዱ ሃያ ዘጠኙ በምዘናው ምክንያት ከክፍላቸው ዝቅ የተደረጉ ናቸው። አንዲት ከማዮ ሰፈር የምትመጣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ግራ ዓይኗ ጨርሶ እንደማያይ እስከዚያ ቀን ማንም አያውቅም ነበር፤ አቶ ተሰማ እንዳሉት ከዓመት በፊት ቢደረስባት ኖሮ ይድን ነበር።

ሲት ኢብቲሳም ልደትን በገዛ ሥልጣናቸው ወደ ሰባተኛ ክፍል፣ ወደ መጀመሪያው ረድፍ መልሰዋታል። ስለዚህም ከጽሕፈት ቤትዎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ለደብዳቤ መልስ ሲሰጥ ያየነው ይህ የመጀመሪያው በመሆኑ ሁላችንም ተደንቀናል።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። የአርባ አንዱን ልጆች ስም፣ ክፍልና የአቶ ተሰማን ማስረጃ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከዚያ በፊት ዓይን ያለው አንድ ሰው ልከው ያስመርምሯቸው፤ መነጽር ያላቸውም አድርገው እንዲፈተኑ ይፍቀዱ። ዝቅ የተደረጉትም እንደገና ይመዘኑ። ሰው መላክ ካልተቻለ እርስዎ ራስዎ ይምጡና ከኋለኛው ዴስክ ላይ ይቀመጡ። ዩኒፎርም በልክዎ በደስታ እሰፋልዎታለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎን ኸትም ባየሁ ቁጥር ከመቀመጫዬ የምነሳ፣ ፋይልዎ ስለ እኔም የሚለውን ሳልሰማ ለማመን ዝግጁ የሆንሁ፣ ትሑት ባለጉዳይዎ፣

ክንፉ
ጀብራ፣ ካርቱም
መጋቢት ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላደርስዎ ዛሬ ጠዋት ከልደት ጋር በረክሻ (በባጃጅ) መጥተን ነበር። በርዎ ተዘግቷል፤ አንድ ወረቀት ተለጥፎበታል። መንገዱን ተሻግሬ ላነበው ስል ልደት እጄን ያዘችኝና ከመንገዱ ማዶ እንደቆመች፣ አንድም ቃል ሳትስት አነበበችልኝ፦ «ጽሕፈት ቤታችን በተማሪዎች የጤና ምርመራ የዓመቱ አንደኛ ሆኖ በመመረጡ፣ ሠራተኞቹ በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ስለሚገኙ ዛሬ አገልግሎት አንሰጥም።» እንኳን ደስ አለዎት።