ማንደጃው እማማ ጥሩዬ ጋ ነው

ነኢማዬ፣
ጋሪው ደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። አዲስ ቅዳም ከተማ እናቴ ጋ ሄጄ እሁድ እመለሳለሁ።

ማንደጃውን አከራያችን እማማ ጥሩዬ ጋ አስቀምጫለሁ። ለወጥ ከሆነ ይሰጡሻል፤ ሽቦ ይዘሽ ከሄድሽ ግን እንዳይሰጡሽ ነግሬያቸዋለሁ። መዳብ ላውጣ ብለሽ ከስልክ ጥገና ሱቅሽ ያመጣሽውን አሮጌ ሽቦ ስታቃጥይበት ጭሱ ሳንባችንን ጨረሰው፤ ሽሮዬም ላስቲክ ላስቲክ አለ!

ይልቅ ሁሉንም እንደ ድንች በቢላ ልጬልሻለሁ። መዳቡ ሳህኑ ውስጥ ነው።

ብቻ...
ጥቁሩን ሽቦ እየላጥኩ እየላጥኩ ስሄድ፣ መጨረሻው ግድግዳው ላይ የተሰካው ቻርጀርሽ ሆኖ አረፈው።

የእኔን ትራስሽ ሥር ትቼልሻለሁ። እስከ እሁድ ስልኬ ዝግ ነው ቢልሽ፣ አኩርፋ ነው እንዳትይ።

እመቤት