ወንድ የማያየው ቪዲዮ

ጥር 4
ኮምፒውተር ሱቄ ጎራ የሚሉት ሾፌሮች ወደ ሚኤሶ ሲወርዱ አዲስ ፊልም ሚሞሪያቸው ላይ እንድጭንላቸው ጠየቁኝ። የለኝም አልኩ። ስልክ የሚጠግነው ጎረቤቴ አክረም እሱ ጋ ያለውን ፕሮግራም ጫነልኝ። ከየሰው ኮምፒውተር ፊልም በነፃ የሚያመጣ ነው።
"ባለቤቶቹስ?"
"እትዬ ጣሂራ፣ ጭሮ ላይ ማን ባለቤት ጠይቆ ያውቃል?"
ፕሮግራሙ ቪዲዮ የት እንደማስቀምጥ ጠየቀ። ያለኝ ፎልደር የደንበኞቼን የሰርግ ቪዲዮ የማኖርበት አንዱ ብቻ ነው። አሳየሁት።

ጥር 8
ሰባት ፊልም ወረደ። መምህር ጎበዜ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ መጥተው አዩ።
"ይሄ በሕግ ያስጠይቅዎታል። የሰው ሥራ ነው።"
ስክሪኑ ላይ ወደ ላይ የሚሄደውን ቀስትም አሳዩኝ። "እርስዎም ለሌላው እየሰጡ ነው።"
የምሰጠው ያንኑ ፊልም ነው... ሌላ ምን አለኝ?

ጥር 13
ኩብራ የልጇን የሉባባን ሰርግ ቪዲዮ አመጣች፤ የሴቶቹን ጭፈራ። ወንድ አልገባበትም። ሉባባ ፀጉሯን ለቃ ትስቃለች።
"ወንድ ጋ አላስገለብጥም፤ አንቺ አለሽኝ።"
አሥራ አንድ ዓመት የስንቱን ሙሽራ ቪዲዮ ያዝኩ። አንድም ከእጄ አልወጣም። በሁለት ፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋት። ቢጠፋባት ብዬ አንድ ቅጂ እንደ ወትሮዬ ኮምፒውተሬ ላይ፣ በዚያው ፎልደር አስቀመጥኩ።

ጥር 17
ዛሬ ያወረድኩት የለም። ቀስቱ ግን ይሄዳል። አጠገቡ ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሽፋን በሌለው መዝገበ ቃላቴ ፈለግኩ። ገጹ ከድሮም የለም።

ጥር 19
የሚወሰደውን ፋይል ስም አነበብኩ። ሉባባ ሰርግ። አራት ሰው ወስዶ ጨርሷል፤ አምስት እየወሰደ ነው።
የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩ።
አክረምን ጠየቅኩት። ማጥፋት ይቻላል?
"ያንቺን አዎ።"
"የእነሱንስ?"
ወደሚጠግነው ስልክ አጎነበሰ።

ጥር 24
ኩብራ በደጄ አለፈች፣ አሰላሙ አለይኩም አለችኝ። መለስኩ። ሌላውን ዋጥኩት። ለምን ዋጥኩት? የሉባባ ባል ጫት ጫኝ ነው... ከሾፌር ጋር ነው የሚውለው።

የካቲት 2
ኩብራ ሳትቀመጥ ስልክ ዘረጋችልኝ፤ የሉባባ ጭፈራ ነው። ቦርደዴ ላይ አንድ ሾፌር ለባልየው ያሳየው ነው።
"ይሄ ካንቺ ሌላ ማን ጋ ነበር?"
"ማንም ጋ አልነበረም።" ሁሉን ነገርኳት።
"መቼ አወቅሽ?"
"ከሁለት ሳምንት በፊት።"
እስከዚያ ድረስ ታዳምጠኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አላዳመጠችኝም። ሉባባ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ተመልሳለች።

የካቲት 11
ፕሮግራሙን አጥፍቻለሁ። ሴት ደንበኛ አልመጣም።
ከሰዓት ዑሙልኸይር ፍላሽ በእጇ ይዛ መጣች። ሐሙስ ልጇን ድራለች። ደጄን አልፋ ወደ አክረም ሱቅ አመራች። ወንድ ይሻላል ተባለ ማለት ነው... የእሱ ኮምፒውተር ላይም ያው ፕሮግራም አለ።
በዚህ ዕድሜዬ መንገድ ላይ ጮኼ አላውቅም። ዛሬ ወጥቼ ስሟን ጠራሁ፣ እንዳትሰጪው አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።
እሷም አየችኝ። ፍላሹን በሻርፗ ሸፍና አክረም ጋ ገባች።