ለዳርሲ አልቀዳም

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5

አሰሪዬ ኮራል ዛሬ ጠርታኝ “ወጥ ቤቱ ይብቃሽ ቨርና፣ ባንኮኒ ውጪልኝ” አለች። እኔ! ዕድሜ ልኬን ለበግ ሸላቾች ጥብስ ስገለብጥ ኖሬ፣ እሷ መጠጥ ቤት ተቀጥሬም ያው ምድጃ ሥር... አሁን ፊት ለፊት ቆሜ ድራፍት ልቀዳ ነው። ያውም ለፈረስ እሽቅድምድሙ ቀን፣ አገሩ ሁሉ ከየእርሻው ግልብጥ ብሎ ሲመጣ።

መጀመሪያ ግን ኮርስ አለ። መጠጥ በኃላፊነት ስለመሸጥ። ፈተና አለው፣ ካርድ አለው። ካርድ የሌለው ሰው የድራፍቱን ማሽን አይነካም። ፈተና ከተቀመጥኩ ስንት ዘመኔ? ይሁና። ደስታዬ ቅጥ አጥቷል።

እራት ላይ ለዳርሲ ነገርኩት። ታላቅ ወንድሜ። ሚስቱ ከሄደች ወዲህ አብረን ነን፣ ከወንዙ ማዶ። “በይ እንግዲህ እቱ፣ ከእንግዲህ ብርጭቆዬ አይጎድልም ማለት ነው” አለ። ሳቅኩ። ኋላ ሳስበው ግን... ምን አሳቀኝ?

ረቡዕ፣ ኦገስት 13

ኮርሱን ወሰድኩ። አሰልጣኟ ሺቫኒ ትባላለች፣ ከከተማ ነው የመጣችው፤ ልጅ እግር ናት ግን አትበገርም። የሰከረ ሰው ካየህ አትቀዳለትም፣ አለቀ፣ አለችን። ብትቀዳ ቅጣቱ አንተም ላይ ነው፣ የቤቱም ፈቃድ ላይ።

እዚህ ድረስ ሁሉም በእሺታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አንዱ “ዙር ሲሆንስ?” ሲል ግን አዳራሹ ተንጫጫ። እውነቱን ነው። እዚህ አገር ተራው ደርሶ ዙር፣ ማለት ለጠጪው ሁሉ አንዳንድ መጠጥ፣ የማይገዛ ሰው ስሙ ይጠፋል። ጋባዡን ዘሎ መቅዳትማ በጥፊ ከመምታት ይቆጠራል። ሺቫኒ የገዛውን ሳይሆን የሚጠጣውን ነው የምታዩት አለች። ማጉረምረሙ ግን አልቆመም።

ከዚያ አንድ ሰው ሰካራም ሆኖ ይጫወት አለች። እኔ ደግሞ መች አርፌ እቀመጣለሁ... ተነሳሁ። ባርኔጣ ተውሼ ወደ ኋላ ገፋሁት። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ላስደግፍ ስል አዳለጠኝ። “አንቺኮ... አንቺኮ ጥሩ ሰው ነሽ...” ከዚያ የመኪና ቁልፍ ፍለጋ፤ ያንን ኪስ፣ ይሄንን ኪስ፣ መልሶ ያንኑ ኪስ። ከኋላ አንዱ “ዳርሲ!” ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

ፈተናውን አለፍኩ! ካርዱ ትራሴ ሥር ነው። እንደ ሕፃን።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገብቷል። ዳርሲ ቁርስ ላይ ቀና ብሎ አላየኝም። ቆይቶ “ቁልፍ ፍለጋውንም አሳየሽ?” አለ። አዎ አልኩ። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ያ ቁልፍ... አምና እንዲሁ ሰክሮ፣ ቁልፉን ፈልጎ አግኝቶ ከእሽቅድምድሙ ሲመለስ ነው ፒካፑን የወንዙ መሻገሪያ ላይ የገለበጠው። ጓደኛው ክላሪ በጠዋት በዚያ ባያልፍ ወንድም አልነበረኝም። እኔ ያንን ነው መሳቂያ ያደረግኩት? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዘንድሮስ? ባንኮኒው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ቅጂልኝ ሲለኝ እምቢ እለዋለሁ?

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 5

ነገ ነው። ሸሚዜን ሁለቴ ተኮስኩ። መስታወት ፊት “ለዛሬ ይበቃሃል” ማለት ተለማመድኩ። ሳቄ መጣ። እንደገና። እንቅልፍ የሚባል የለም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 7

ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ትናንት ፈረሱ አሸነፈ። ዳርሲና ክላሪ በጋራ የያዙት ፈረስ፣ ከኋላ የሚከተለው አምቡላንስ እንኳ የሚቀድመው ያ ፈረስ! ሰዉ እየጨፈረ ገባ። እጄ አላረፈም፤ ስቀዳ፣ ሳቀብል፣ ስመልስ... ወይ ደስታ! ለዚህ የተፈጠርኩ መሰለኝ።

ከዚያ ዳርሲ ገባ። ባርኔጣው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ክርኑን ባንኮኒው ላይ ሲያስደግፍ አዳለጠው። ልክ እኔ እንደተጫወትኩት። አሁን ማንም አልሳቀም።

“ዙሩ የኔ ነው፣ ለቤቱ በሙሉ!” አለ። ለሁሉም ቀዳሁ። እሱ ጋ ስደርስ የድራፍቱን ማሽን ተውኩት። ውሃ አስቀመጥኩለት።

“ላንተ ውሃ ነው፣ ዳርሲ። ቁልፉንም ስጠኝ።”



“በገዛ ዙሬ?”

“በገዛ ዙርህ።”

“ለካርድሽ ብለሽ ነው?”

“ለካርዴም ነው። ደግሞ ጠዋት ከወንዝ ላወጣህ አልፈልግም።”

አጠገቡ የቆመው ሰውዬ አዝኖለት የራሱን ብርጭቆ ገፋ አደረገለት። ተንጠራርቼ ነጠቅኩት። ይሄም አይሆንም አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ዳርሲ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ ወርውሮ ወጣ። ውሃውን አልነካውም። ክላሪ ተከትሎት ወጥቶ ቤት አደረሰው። ኮራል ስታልፍ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጋኝ ሄደች። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁና መቅዳቴን ቀጠልኩ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ዳርሲ እስካሁን አላናገረኝም። ይበላል፣ ሳህኑን ያጥባል፣ ይተኛል።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20

ዛሬ “ጨው አቀብዪኝ” አለኝ። ማንኪያው ከእጄ ሊወድቅ!

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ሺቫኒ አዲስ ሰዎች ልታሰለጥን ተመልሳ መጣች። ላግዛት አዳራሽ ሄድኩ። ዳርሲ አደርስሻለሁ ብሎኝ ነበር፤ መኪናው ጋ ስንደርስ ግን ቁልፉን ሰጠኝና “አንቺ ንጂ” አለ። ምክንያቱን አልጠየቅኩም።

ሺቫኒ ሰካራም የሚሆን ሰው ፈለገች። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ መሬት መሬት አየሁ።

“እኔ አለሁ” አለ ዳርሲ ከበሩ። “እህቴ አበላሽታዋለች። ባርኔጣው እንደሱ አይደለም።”

ሳቅ ሆነ። መጥቶ ተጫወተ። እንዴት እንደተጫወተ! ከፊቱ ቀጂ ሆና የቆመችው የፖስታ ቤቷ ኤድና ናት፤ ፈራ ተባ እያለች እምቢ አለችው፣ ተቆጣት፣ ለመናት፣ በስሟ ጠራት። አንጀቷን በላውና ልትቀዳለት እጇን ሰደደች። ያኔ ባርኔጣውን አወለቀ።

“አትቅጂ። ብቆጣም፣ ባኮርፍም አትቅጂ። እህቴ አልቀዳችልኝም፣ ይኸው ቆሜያለሁ” አለ።

 መልሶ ባርኔጣውን አጠለቀ፣ እንደገና ጀመሩ። ኤድና በዚህኛው ፈራ ተባ ሳትል ውሃ አስቀመጠችለት። እሱም ኪሱን መፈተሽ ጀመረ፤ ያንን ኪስ፣ ይሄንን ኪስ... ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ከኮርሱ በኋላ ሁላችንም ኮራል ቤት ገባን። ባንኮኒ ገባሁ። ዳርሲ ዙር ገዛ፤ ለሁሉም ድራፍት፣ ለራሱ ለስላሳ፣ ሎሚናት። ማንም ሳይጠይቀው።

“በይ እቱ፣ ብርጭቆዬ እንዳይጎድል” አለ።

እስከ አፉ ሞላሁለት።